«የእፉኝት ልጅ»፦ የአንድ ስም ታሪክ

ስድብም እንደ ሰው የትውልድ ሐረግ አለው። ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳሳደገው፣ ለማን እንዳገለገለ ሊጠየቅ ይገባዋል። ልጅ ወላጁን ሲቃወም፣ ተማሪ መምህሩን ሲሞግት፣ ወጣቱ ሹሙን «ለምን?» ሲል ከትልልቆቹ አፍ ቶሎ ከሚወጡት ስሞች አንዱ «የእፉኝት ልጅ» የሚለው ነው። ለመሆኑ ይህች እፉኝት ማን ናት? ልጆቿስ ምን አጠፉ?

ከአውሬዋ እንነሣ። ከኩታበር ከተማ በስተምዕራብ የበሽሎ ወንዝ ይነሣል፤ ከደጋው ወርዶ፣ ገደሉን እየሰነጠቀ ሄዶ ዓባይ ይገባል። ደጋው እያለቀ ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ የእባቡም ነገር አብሮ ይበረታል። እፉኝት የምንላት ወፍራምና አጭር፣ ራሰ ሰፊ፣ ጀርባዋ ዥጉርጉር የሆነች መርዘኛ እባብ ናት። ሰው አታሳድድም። አፈር መስላ ተጋድማ ትጠብቃለች፤ ሲቀርቧት ሰውነቷን ነፍታ «እፍፍ» ትላለች።

ጆሮ ለሚሰማው ስሟም ከዚሁ «እፍ» ከማለቷ የወጣ ይመስላል። ቃሉ ግን ከአማርኛ የቆየ ነው። ግዕዝ «አፍዖት» ይላል፤ ዓረብኛ «አፍዓ»፤ ዕብራይስጥ «ኤፍዔ»። ሦስቱም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ይህ ለወሎ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው በግዕዝ መጽሐፉ፣ ደረሳው በዓረብኛ ኪታቡ የሚያገኟት ያችኑ እባብ፣ በዚያው ስሟ ነው ማለት ነው።

ስሙን ከአውሬዋ ወደ ሰው ያሻገረው መጽሐፍ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 መጥምቁ ዮሐንስ ፈሪሳውያንንና ሰዱቃውያንን በዚህ ስም ይገሥጻቸዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! የተሰደቡት ወጣቶች አልነበሩም። በአብርሃም ልጅነታቸው የሚመኩ፣ ሕግ እናውቃለን የሚሉ፣ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። ሰዳቢው ነው እንጂ የግመል ጠጉር ለብሶ በበረሃ የሚኖረው! እንግዲህ ቃሉ መጀመሪያ የተወረወረው ከታች ወደ ላይ ነበር።

ታዲያ እንዴት ተገልብጦ ወደ ታች መጣ? በላዩ ላይ ሌላ ተረት ስለ ተደረበበት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ፣ ሴቷ እፉኝት በመፀነሷ ሰዓት ባሏን ትገድላለች፤ ልጆቿም የአባታቸውን ደም ሲመልሱ የእናታቸውን ሆድ በልተው ይወጣሉ ብሎ ጻፈ። ስለ እንስሳት ጠባይ የሚናገረው «ፊሳልጎስ»ም ይህንኑ ይዞ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ተተረጐመ። ከሰባኪ ወደ ምእመን፣ ከምእመን ወደ ምድጃ ዳር ወሬ ወረደ። ከዚያ ወዲያ «የእፉኝት ልጅ» ማለት ወላጁን የሚያጠፋ ማለት ሆነና አረፈው።

ክሱ ግን ሐሰት ነው። እፉኝት እንደ ብዙዎቹ እባቦች እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። ባንድ ጊዜ 20፣ 40፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እያንዳንዱ በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ይወለዳል። ቀዶ የሚወጣው ያንን ከረጢት እንጂ የእናቱን ሆድ አይደለም። እናቲቱም ወልዳ በሰላም ትሄዳለች። አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ከረጢቱን አይቶ ጽፎ ነበር። ሰሚ አላገኘም እንጂ!

«ስድብ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የአገራችን ታሪክ መልስ አለው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ፣ በኩታበር ጎረቤት፣ ጉባኤ ሲያደርጉ ካህናቱ በቅጽል ስም ተከፋፍለው ነበር፤ ተዋሕዶዎቹን ባላንጣዎቻቸው «ካራ» ይሏቸው ነበር። ጉባኤው ያለቀው በክርክር ብቻ አልነበረም፤ የወሎ እስላም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር «አናርኪስት» የተባለ ተማሪ ስንቱ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ቱትሲዎች ከመታረዳቸው በፊትም ሲታረዱም «በረሮ»፣ «እባብ» ይባሉ ነበር። እኛም ዘንድ በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው ስም አደባባይ ወጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኩታበርንና ደሴን ሲያዳርስ ሰውን በአውሬ ስም መጥራት የዕለት ቋንቋ ሆኖ ነበር። እባብን መግደል ማንንም አያስጠይቅም፤ ሰውን እባብ የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

ተረቱ የበሽሎን ገበሬም አልጠቀመው። በባዶ እግሩ ሲያጭድ የረገጣት እፉኝት የነከሰችው በክፋት ሳይሆን ስለ ተረገጠች ነው፤ የሚያድነውም ቶሎ ሐኪም ቤት መድረስና የመርዝ ማርከሻ ማግኘት ነው እንጂ እርግማን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብን ንክሻ ችላ ከተባሉ በሽታዎች ተርታ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እስከዚያ ድረስ እፉኝት በስብከትና በስድብ የታወቀችውን ያህል በሐኪም ቤት አልታወቀችም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ አንድ ሥራ ይኑረን። ካህኑንም፣ ሸኹንም፣ እረኛውንም እንጠይቅ፤ እፉኝት የሚሉት የትኛውን እባብ ነው? የእፉኝት ልጅስ የሚሉት የትኛውን ሰው ነው? የሚሉንን በደብተር እንያዝ። ሽማግሌው ወደ እኛ ዞሮ «እናንተን ነዋ!» ካለን ደግሞ አንቆጣ። ቁጭ ብለን የከረጢቱን ነገር እንንገረው።