ፍጥነት ወይስ ዋስትና፦ ውጭ የሚኖሩ ካናዳውያን የትዳር ጓደኛቸውን ስፖንሰር የሚያደርጉበት መንገድ

ዱባይ፣ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ የሚኖር ካናዳዊ ዜጋ እዚያው ትዳር መሥርቶ ከባለቤቱ ጋር ወደ ካናዳ ለመመለስ ሲያስብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ማመልከቻው ከየት ሆኖና በየትኛው ምድብ ይግባ የሚለው ነው። ከፊቱ ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው፣ ሁለቱም ባሉበት አገር እየኖሩ በቤተሰብ ምድብ ማመልከት ነው። ሁለተኛው፣ ዜጋው ቀድሞ ተመልሶ ባለቤቱን ከካናዳ ሆኖ በዚያው ምድብ ስፖንሰር ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ ሁለቱም ካናዳ ከገቡ በኋላ በተለምዶ «ኢንላንድ» በሚባለው፣ ካናዳ ውስጥ አብረው ለሚኖሩ ጥንዶች በተዘጋጀው ምድብ ማመልከት ነው። አብዛኛው ሰው እነዚህን የሚመዝነው የትኛው ቶሎ ያልቃል ብሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ መንገዶቹን በዋናነት የሚለያቸው ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን በጥንዶቹ እጅ የሚቀረው መብት ነው የሚል ነው። በዚህ መለኪያ ከታየ፣ ውጭ አብረው ለሚኖሩ ጥንዶች የተሻለው የመጀመሪያው መንገድ ነው።

መነሻው ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 130 ስፖንሰር የሚያደርግ ሰው ካናዳ ውስጥ ነዋሪ እንዲሆን ያስገድዳል። ከዚህ ግዴታ ነፃ የተደረገው ዜጋ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ባለቤቱ ቋሚ ነዋሪ በሚሆንበት ጊዜ ካናዳ እንደሚኖር ማሳየት አለበት። ፒአር የሚባለው ቋሚ ነዋሪ ይህ ዕድል ስለሌለው ምርጫው ከመጀመሪያው ጠባብ ነው፤ ስፖንሰር ለመሆን ኑሮውን ወደ ካናዳ መመለስ ይኖርበታል። የኢንላንዱ ምድብ በበኩሉ በአንቀጽ 124 የተደነገገ ሲሆን፣ አመልካቹ ከስፖንሰሩ ጋር ካናዳ ውስጥ አብሮ እንዲኖር ይጠይቃል። በሁለቱም ምድቦች ስፖንሰሩ ለ3 ዓመት የባለቤቱን መሠረታዊ ፍላጎት ለማሟላት ግዴታ ይገባል፤ የትዳሩ እውነተኛነትም በአንድ ዓይነት መስፈርት ይመረመራል። ስለዚህ ማመልከቻው ሲታይ የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው መልሱ «አይሆንም» ሲሆን ነው።

በቤተሰብ ምድብ የቀረበ ማመልከቻ ውድቅ ሲደረግ ስፖንሰሩ በኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ክፍል አቤት ማለት ይችላል። ክፍሉ ጉዳዩን እንደ አዲስ ይሰማል፤ ከውሳኔው በኋላ የተገኘ ማስረጃ ይቀበላል፤ ባልና ሚስቱን በምስክርነት ይጠይቃል። በኢንላንድ ምድብ እምቢ የተባለ ግን ይህ መብት የለውም። የሚቀረው ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያም ክርክሩን ለማሰማት መጀመሪያ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ባለሥልጣኑ በፊቱ በነበረው መዝገብ ላይ የሰጠው ውሳኔ ምክንያታዊ መሆኑን እንጂ ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን አይደለም። ይህ ልዩነት ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል። ከዚያ በፊት ማመልከቻን ለመጣል ትዳሩ እውነተኛ አለመሆኑና ለኢሚግሬሽን ጥቅም ሲባል የተፈጸመ መሆኑ በአንድነት መገኘት ነበረባቸው፤ በዚያ ዓመት ደንቡ ከተሻሻለ በኋላ ግን ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። ውድቅ ማድረጊያው ምክንያት በሰፋ ቁጥር ሁለተኛ ሰሚ ማግኘት ዋጋው ይጨምራል።

ሁለተኛው ልዩነት የእንቅስቃሴ ነፃነት ነው። የኢንላንድ አመልካች እናቱን ለመጠየቅ ወይም ለቅሶ ለመድረስ ከካናዳ ወጥቶ ተመልሶ እንዳይገባ ቢከለከል፣ አብሮ የመኖር መስፈርቱ ስለሚፈርስ ማመልከቻው አደጋ ላይ ይወድቃል። በቤተሰብ ምድብ ያመለከተ ግን አገር ቢለውጥም ጉዳዩ ይቀጥላል። ይህ በተለይ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዋሪዎች ትርጉም አለው። እዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራ ውል ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ውሉ ሲያልቅ ጥንዶቹ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ሊገደዱ ይችላሉ፤ ቢመለሱም አድራሻቸውን ያሳውቃሉ እንጂ ማመልከቻቸው አይፈርስም።

በዚህ ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ ኢንላንድ ጥንዶቹን ሳይለያይ የሥራ ፈቃድ ያስገኛል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ክፍት የሥራ ፈቃድ የኢንላንድ አመልካቾች ልዩ ጥቅም ስለነበር ተቃውሞው በጊዜው ጠንካራ ነበር። በ2023 ግን ፈቃዱ በቤተሰብ ምድብ አመልክተው ሕጋዊ የጊዜያዊ ነዋሪነት ይዘው ካናዳ ውስጥ ከስፖንሰራቸው ጋር ለሚኖሩም ተፈቀደ። ካናዳ ገብቶ መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ለዚህ ሲል የይግባኝ መብቱን አሳልፎ መስጠት አያስፈልገውም። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካናዳ ለመግባት አስቀድሞ ቪዛ ማግኘት አለበት። ሕጉ በአንቀጽ 22 ለቋሚ ነዋሪነት ማሰብ ለጊዜው ከመግባት እንደማያግድ ቢናገርም፣ ቪዛ ሰጪው ጎብኚው በተፈቀደለት ጊዜ ይወጣል ብሎ ማመን አለበት። የኢንላንድ ዕቅድ እንግዲህ መነሻው ላይ ከትዳሩ ጋር ባልተያያዘ ሌላ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ሥራውና ቤቱ ውጭ የሆነ ዜጋ ወደ ካናዳ እንደሚመለስ በምን ያስረዳል? ቀድሞ መመለስ ይህን ጥርጣሬ ያጠፋል፤ ይሁን እንጂ ጥንዶቹን ለወራት ይለያል፣ ገቢም ያቋርጣል። ደንቡ የሚጠይቀው ግን ባለቤቱ ቋሚ ነዋሪ በሚሆንበት ጊዜ የሚኖረውን ሁኔታ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚፈለገው አሳማኝ ዕቅድ ነው። የቀጣሪ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ቅበላ፣ የኪራይ ወይም የቤት ግዢ ውል፣ እንዲሁም ውጭ ያለውን ኑሮ ለመዝጋት የተወሰዱ እርምጃዎች ተቀባይነት አላቸው። ይህን የማያሟላ ሰው ቀድሞ ቢመለስ ይሻለዋል፤ ሆኖም ያኔም በቤተሰብ ምድብ እስካመለከተ ድረስ ይግባኙ አይቀርበትም።

የይግባኝ መብት የማይደርስበት ቦታ መኖሩም መታወቅ አለበት። ይግባኝ ሰሚው በሰብዓዊነት ምክንያት ሊታደግ የሚችለው በሕጉ የቤተሰብ ምድብ አባል የሆነን ሰው ብቻ ነው። ለምሳሌ የተሻሻለው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች በአካል ተገኝተው እንዲጋቡ ቢያዝም፣ ከባድ ምክንያት መኖሩን ፍትሕ ሚኒስቴር ሲያረጋግጥ በወኪል መጋባትን ይፈቅዳል። ካናዳ ግን ከሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተጋቢዎቹ አንዱ በአካል ያልተገኘበትን ጋብቻ በጠባብ ልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ለኢሚግሬሽን አትቀበልም። በተለያየ ቦታ የሚኖሩ ጥንዶች ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ በወኪል ቢጋቡ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የጸናው ትዳራቸው ካናዳ ዘንድ ከምድቡ ውጭ ይሆናል፤ ይግባኝም አያድነውም። ያለ ጋብቻ አብሮ መኖርን መሠረት ያደረጉ ደግሞ ቢያንስ 1 ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸውን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

ይግባኝ ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነው የሚሉም አሉ። መዘግየቱ እውነት ነው፤ አዲስ ማመልከቻ ማስገባቱ የሚፈጥንበት ጊዜም አለ። ነገር ግን አዲሱ ማመልከቻ ከቀድሞው ውሳኔ ጥላ ነፃ አይደለም፤ ይግባኝ ያለው ሰው ከሁለቱ ይመርጣል፣ የሌለው ምርጫ የለውም። ኢንላንድ የሚጠቅመው ቀድሞውኑ ካናዳ ውስጥ ለተገኘና በተለይም የመኖሪያ ፈቃዱ ላለፈበት አመልካች ነው፤ ውጭ አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ግን በራሳቸው ላይ ይህን ጠባብ መንገድ የሚመርጡበት በቂ ምክንያት የለም። ምድቡን በትክክል መምረጥም ብቻውን አይበቃም። የስፖንሰርነት ቅጹ ስፖንሰሩ ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ማመልከቻው ይቀጥል ወይስ ይሰረዝ ብሎ ይጠይቃል፤ ይሰረዝ ብሎ የፈረመ ሰው የከፈለውን ገንዘብ አብዛኛውን ያስመልሳል፣ የይግባኝ መብቱን ግን በገዛ ፊርማው ይተዋል።