ስሙ የተጻፈና ስማቸው ያልተጻፈ፦ የቁሊቶው ቪክቶሪያ ክሮስ ሲመረመር

ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ አዛዦች ሥር የተሰለፈው የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ጦር የአንድ ሻለቃ ሁለት ሻምበሎች በአላባ ቁሊቶ አጠገብ የብላቴን ወንዝ ተሻግረው ማዶውን ያዙ። ደጋፊ መሣሪያቸው ገና አልተሻገረም ነበር። በዚህ መካከል የጣሊያን መካከለኛና ቀላል ታንኮች ከቁጥቋጦ ውስጥ ድንገት ወጥተው መልሶ ማጥቃት ጀመሩ። ሳጅን ናይጀል ሊኪ እስከዚያች ሰዓት በሞርታር ሲያግዝ ቆይቶ ጥይቱ አልቆበታል። ከእግረኛው ጀርባ ከመጣው ታንክ ላይ ዘሎ ወጣና ክዳኑን በጉልበት ከፈተው። አዛዡንና ሠራተኞቹን በሽጉጥ ገድሎ ሾፌሩን ብቻ በማስቀረት ታንኩን ወደ ከለላ እንዲነዳ አስገደደው። በታንኩ መድፍ ለመተኮስ ሞክሮ እምቢ ሲለው ወረደና የቀሩትን ታንኮች በእግሩ ያድናቸው ጀመር። ሁለቱ አለፉት። ሦስተኛው ላይ ወጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ አንዱን ሠራተኛ እንደገደለ ከአራተኛው ታንክ የተተኮሰ መትረየስ መትቶ ጣለው። የእንግሊዝ መንግሥት ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ እንደሰጠው በለንደን ጋዜት የታወጀው ኅዳር 6 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ከሞተ አራት ዓመት ተኩል አልፎታል። የታወቀ መቃብር ስለሌለው ስሙ የተቀረጸው በናይሮቢው የምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ ላይ ነው።

ይህን ያህል ዝርዝር ይዘን መናገር የቻልነው በዋናነት በአንድ አጭር የመንግሥት ጽሑፍ ምክንያት ነው፤ ከሜዳዩ ጋር በወጣው ማብራሪያ። የዚህ መጣጥፍ ክርክርም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ሜዳይ የሚያረጋግጠው ድርጊቱ መፈጸሙን ብቻ አይደለም። ድርጊቱን በዐይኑ ያየ፣ ያየውን ለሚጽፍ የነገረ፣ የተጻፈውንም ተቀብሎ ያጸደቀ ሰው መኖሩን ጭምር ያረጋግጣል። ስለዚህ ተሸላሚ ሟችን በወጉ ማስታወስ ማለት ያንን ጽሑፍ እንደ ታሪክ ሰነድ ማንበብ፣ በውስጡ የቆሙትን ሌሎች ሰዎችም ማየት ነው። የቁሊቶው ማብራሪያ ደግሞ ሌሎች ሰዎች አሉበት። ሊኪ ከመጀመሪያው ታንክ ወርዶ ሌሎቹን ለማደን ሲነሣ ብቻውን እንዳልነበረ ጽሑፉ ራሱ ይናገራል፤ አንድ አፍሪካዊ የሻምበል ሳጅን ሜጀርና ሁለት አስካሪዎች (በቅኝ ገዥው ጦር የሚያገለግሉ አፍሪካውያን ወታደሮች) አብረውት ነበሩ። የሦስቱም ስም አልተጻፈም። ሰነዱ ጥቂት መሥመሮች ዝቅ ብሎ ድርጊቱን የአንድ ሰው ብቸኛ ጀብዱ አድርጎ ያወድሰዋል። አራት ሰው በእግሩ ታንክ ሲያድን ያሳየን ጽሑፍ ወደ ውዳሴው ሲደርስ ሦስቱን ረስቷቸዋል።

ይህ የጸሐፊው ግድፈት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ የሽልማቱ ሥርዓት ግን ከዚያ የጠለቀ ጉዳይ እንዳለ ይጠቁማል። ቪክቶሪያ ክሮስ እ.ኤ.አ. በ1856 ሲቋቋም ስለ ሟቾች የተደነገገ ነገር አልነበረም፤ በተግባርም ለዓመታት የሚሰጠው በሕይወት ለተረፈ ብቻ ነበር። ቀደም ሲል በልዩ ልዩ ጦርነቶች ለወደቁ ስድስት ሰዎች ሜዳዩ እንዲሰጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን ደንቡ ሟችን በግልጽ የጠቀሰው በ1920 ነው። በጠላት ፊት ለተፈጸመ ጀብዱ የሚሰጡት ሌሎቹ የእንግሊዝ ሜዳዮች ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 1979 ድረስ ለሞተ ሰው አይሰጡም ነበር። ስለዚህ በውጊያ ላይ ለወደቀ ወታደር የነበሩት አማራጮች ሁለት ናቸው፤ አንድም ከፍተኛው ሜዳይ፣ አንድም በአዛዡ ሪፖርት ውስጥ ስሙ መጠቀሱ። በመካከላቸው ምንም አልነበረም። እንግዲህ ቪክቶሪያ ክሮስ ያለውንና የሌለውን ሟች የሚለየው ርቀት የጀግንነታቸው ርቀት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ከፍተኛውን ለማግኘት ጥቂት የጎደለው ሟች፣ በሕይወት ቢተርፍ ኖሮ ደረቱ ላይ የሚያጠልቀውን ሁለተኛ ደረጃ ሜዳይ በመሞቱ ብቻ አጥቷል።

ሰነዱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ለማየት ከቁሊቶ ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን የእንግሊዝ ሶማሊላንድን ሲወር ካፒቴን ኤሪክ ዊልሰን በቱግ አርጋን ቆስሎ መትረየሱን ሳይለቅ ለቀናት ተዋጋ። በጥቅምት ወር ቪክቶሪያ ክሮስ ሲታወጅለት ሞቷል ተብሎ ነበር። ዊልሰን ግን ተማርኮ በሕይወት ነበረ፤ ኤርትራ ውስጥ ከነበረበት የምርኮኞች ካምፕ በ1933 ዓ.ም. ወጥቶ እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ኖሯል። ለዊልሰን ሁለት ወር የበቃው ሥርዓት ለሊኪ ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ በዚህም መካከል የአንዱን መሞት እንኳ በትክክል አልመዘገበም። ይህን የማነሣው ሰነዱን ለማጣጣል አይደለም። የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ካላሰብን የረሳቸውን ሰዎች ልንፈልጋቸው ስለማንነሣ ነው።

አንድ ወታደር ተመርጦ ሲሸለም የሚወከሉት ሁሉም ናቸው፤ ስሙ የሊኪ ይሁን እንጂ ክብሩ የሻለቃው ነው የሚል መቃወሚያ ይነሣል። በመርሕ ደረጃ ያስማማል። ነገር ግን ውክልና የሚሠራው ማንም ከማንም ሊወከል በሚችልበት ቦታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ጥቁር ወታደሮች አንድም ቪክቶሪያ ክሮስ አላገኘም፤ ሁልጊዜ ወኪሉ ከአንድ ወገን፣ ተወካዩም ከሌላው ወገን ከሆነ ነገሩ ውክልና መሆኑ ያጠራጥራል። በዚያ ዘመን የአስካሪን ስም መጻፍ ልማድ ስላልነበር ዛሬ መውቀስ ዘመን ማምታታት ነው የሚሉም አሉ። ይህ ግን በማስረጃ አይቆምም። ጦሩ ለእያንዳንዱ አስካሪ ቁጥር ሰጥቶ፣ መዝግቦ፣ ደመወዝ ይከፍል ነበር። በዚያው በናይሮቢው መታሰቢያ ላይ መቃብራቸው ያልታወቀ አፍሪካውያን ወታደሮች ስም ከነጮቹ ጋር ተቀርጿል። ልማዱ ከአንደኛው ጦርነት ወዲህ ተለውጦ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ናይሮቢ ላይ ለአስካሪዎችና ለተሸካሚዎች የቆመው ሐውልት የማንንም ስም አልያዘም። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በዋናነት ከአንደኛው ጦርነት ሙታን ቢያንስ 116,000 የሚሆኑት፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱት፣ በስማቸው ሳይታሰቡ ወይም ከነጭራሹ ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኗል። ከተጎዱት መካከል የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ጎላ ብለው ይታያሉ።

በኢትዮጵያ በኩል የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የቅኝ ገዥ ጦር ሳጅን ለእኛ ምናችን ነው? የቁሊቶ ውጊያ በብሔራዊ ትዝታችን ቦታ ያጣበት ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል፤ በእኔ ግምት ዋናው የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው፤ በዓሉም የሚከበረው በዚሁ ቀን ነው። የቁሊቶ ውጊያ የተካሄደው ከዚያ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው። ጎንደርም እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ በጣሊያን እጅ ነበረች። ጦርነቱ በሚያዝያ 27 አለቀ ብሎ የደመደመ ትዝታ ከዚያ በኋላ ለወደቁት፣ አርበኛም ይሁኑ የውጭ ወታደር፣ መቀመጫ የለውም። ከዚህ ሌላ የአርበኞችን ጀብዱ የጠበቀው ፉከራና ቀረርቶ እንዲሁም የሙሾ አልቃሽ ቃል ነው፤ ፎካሪው ከጓዶቹ ፊት ቆሞ ግዳዩን ሲቆጥር ሰሚው ዳኛ ነው፣ የዋሸም እዚያው ይጋለጣል። የብላቴ ማዶ ሟቾች ከሌላ አገር የመጡ ነበሩና ያ መድረክ አልነበራቸውም። የነበራቸው የጋዜት ወረቀት ብቻ ነበር፤ እሱም አንዱን ብቻ በስሙ ጠራ።

ኬንያም ብትሆን ሊኪን ያለ ችግር የራሷ ልታደርገው አልቻለችም። ናይጀል ሊኪ እዚያው ኬንያ የተወለደ የነጭ ሰፋሪ ልጅ ነው። አባቱ ግሬይ ሊኪ በማውማው አመፅ ወቅት እ.ኤ.አ. በ1954 ተገድሏል። በመሬት ጥያቄ የተነሣ አመፅ አባትየውን ከገደለ በኋላ ልጅየውን እንደ አገር ጀግና ማንሣት ለነጻዪቱ ኬንያ ቀላል አይሆንም፤ ለዘመዶቹም ቢሆን የአንዱ ክብር ከሌላው አሟሟት ተነጥሎ የሚታይ አይመስለኝም። ይህ ግን ሊኪ በብላቴ ማዶ ያደረገውን አያሳንሰውም። ታንክ ላይ በሽጉጥ የወጣ ሰው ድፍረት በሰፋሪነቱ አይጨመርም፣ አይቀነስም። የሚለወጠው መታሰቢያውን ማን ይዞ ማን እንደሚተወው ነው። ለዚህ ነው የመታሰቢያውን ጉዳይ ለአገራት ፖለቲካ ብቻ መተው የማያዋጣው። አላባ ቁሊቶ ላይ የሚቆም ድንጋይ የማንንም ሠንደቅ ዓላማ መያዝ የለበትም። ግንቦት 11 ቀን 1933፣ የወንዙን ስም፣ የሊኪን ስም፣ ከእሱ ጋር በእግራቸው ታንክ ያደኑትን ሦስት ሰዎች ማዕርግና የሚሞላበትን ቦታ ከያዘ ይበቃዋል። ያንን ቦታ የመሙላቱ ሥራ ለታሪክ ተመራማሪዎች የሚገባ ነው፤ የሚጀመረውም ከዚያ ሻለቃ የስም ዝርዝር ነው።