የአሜሪካ የእርሻ ሕግ
የአሜሪካ የእርሻ ሕግ ለገበሬዎች የሚሰጠውን ድጎማና ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የምግብ ድጋፍ በአንድነት የያዘ፣ ኮንግረሱ በአምስት ዓመት ገደማ አንዴ የሚያድሰው የፌዴራል ሕግ ነው። መነሻው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ በ1933 እ.ኤ.አ. የወጣው የግብርና ማስተካከያ ሕግ ነው። ከ1964 ጀምሮ በራሱ ሕግ ይመራ የነበረው የምግብ ኩፖን በ1973 ተጠቃለለበት፤ የገጠርና የከተማ ተመራጮችን ድምፅ ያስተሳሰረውም ይኸው ጥምረት ነው። በ2018ቱ ሕግ ለአሥር ዓመት ከተገመተው 867 ቢሊዮን ዶላር ሦስት አራተኛ ያህሉ የምግብ ድጋፍ ነበር። ከ2008 ወዲህ ስናፕ የሚባለው ይህ ድጋፍ የገቢ ጣሪያ አለው። የሰብል መድን ድጎማ ግን የለውም፤ መንግሥት ከአረቦኑ በአማካይ 60 በመቶ ገደማ ይሸፍናል፣ ውሉን ለሚሸጡት የግል መድን ኩባንያዎችም የአስተዳደር ወጪ ይከፍላል።