መብረቅ፣ ተንና ጋን፤ የድፍድፍ ዘይት ማጠራቀሚያዎችን ከእሳት የመጠበቅ ታሪክ

ከመሬት የወጣ ድፍድፍ ዘይት ወደ ማጣሪያ እስኪገባ ድረስ የሚቆይበት ትልቅ ጋን በኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ ብዙ ያልተጻፈለት ነገር ነው። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ኩባንያዎቹና በዘይት ስለ ከበሩት ሰዎች የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ስለ ጋኑ ግን የሚነገረው ሲቃጠል ብቻ ነው። በሚቃጠልበትም ጊዜ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በመብረቅ ይመካኛል፤ መብረቅ ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ ስለ ሆነ ማንም በኀላፊነት አይጠየቅበትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አባባል በታሪክ ፊት ሊቆም ይችል እንደ ሆነ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። በጋን ውስጥ የሚቃጠለው ዘይቱ ራሱ ሳይሆን ከዘይቱ ላይ የሚነሣው ተን ነው። ተኑም ብቻውን አይነድድም፤ ከአየር ጋር በተወሰነ መጠን መደባለቅ አለበት። ተኑ እጅግ ሲያንስም ሆነ እጅግ ሲበዛ እሳቱ አይያያዝም። ድፍድፍ ዘይት ቀላልና ከባድ ክፍሎች የተደባለቁበት ስለ ሆነ፣ ቀላሎቹ ክፍሎች ማንም ሳያሞቃቸው በተራው አየር ይተናሉ። እንግዲህ ለእሳቱ መነሣት ሦስት ነገሮች ይገናኛሉ፤ እነርሱም ተን፣ አየርና የሚለኩስ ነገር ናቸው። ጋንን ከእሳት የመጠበቅ ታሪክ በጠቅላላው ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን የማስወገድ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኤድዊን ድሬክ በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ፣ በታይተስቪል ከተማ አጠገብ ዘይት ያገኘው ኦገስት 27 ቀን 1859 ነው። ያ ጉድጓድ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው በኦክቶበር በእሳት ተበላ። በዚያን ዘመን ዘይቱ የሚከማቸው ከእንጨት በተሠራ ጋንና በበርሜል ነበር። እንጨቱ ያንጠባጥባል፤ ተኑም እንደ ልቡ ይወጣል። ቆየት ብሎ ከብረት የተሠሩ ጋኖች መጡ፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ጣራ ገና ከእንጨት ስለ ነበረና በጣራውና በዘይቱ መካከል ባዶ ቦታ ስለሚቀር፣ ተንና አየር በዚያ ተደባልቀው የሚለኩሳቸውን ይጠብቁ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚለኩሳቸው መብረቅ ሆነ።

በ1884 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች በሚያዘጋጁት ጋዜጣ ላይ በዘይት አገር ስለ ወረደ አንድ ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚተርክ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። እንደ እኛ ተማሪዎች የነበሩ ሰዎች ይህን ለመመዝገብ መትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ከጽሑፋቸው የምናገኘው ትምህርት ትልቅ ነውና። መብረቁ የጉድጓዱን ማማ ይመታል፤ ኀይሉ በቧንቧው ተከትሎ ወደ ጋኑ ይደርሳል፤ ተኑም ይቀጣጠላል። ሠራተኞቹ የሚያጠፉበት መሣሪያ ስላልነበራቸው መድፍ አምጥተው የሚቃጠለውን ጋን ከታች በጥይት ይበሱት ነበር። በቀዳዳው ዘይቱ ፈስሶ በጋኑ ዙሪያ ወደ ተቆፈረው ቦይ ሲወርድ፣ ጋኑ ውስጥ ያለው ይቀንሳል፤ የከፋውም ጥፋት ይቀራል። መድፍ ለጦርነት ሳይሆን ለእሳት ማጥፊያ መዋሉ አስገራሚ ቢመስልም፣ ዘዴው ከእሳቱ በኋላ የሚመጣ እንጂ እሳቱን የሚከላከል አልነበረም።

ጁን 5 ቀን 1892 በዚያው በፔንሲልቫንያ በኦይል ክሪክ ወንዝ ላይ የነበረ ግድብ ከከባድ ዝናብ የተነሣ ፈረሰ። ጎርፉ የዘይት ውጤቶች የተከማቹባቸውን ጋኖች ሰብሮ፣ በውሃው ላይ የተንሳፈፈው ዘይትና ተኑ ተቀጣጠለ፤ በታይተስቪልና በኦይል ሲቲ 130 ያህል ሰዎች በውሃና በእሳት አለቁ። እዚህ ላይ መብረቅ አልነበረም። የነበረው በወንዝ ዳር፣ ከሕዝብ መኖሪያ አጠገብ ጋን የማቆም ልማድ ነው። ጋን ከጋን፣ ጋንም ከሰው መኖሪያ መራቅ እንዳለበት፣ በያንዳንዱም ጋን ዙሪያ የፈሰሰውን ዘይት የሚይዝ ክትር መሠራት እንዳለበት የሚያዝዙት ደንቦች የቆሙት እንዲህ ባለው ጥፋት ላይ ነው።

እጅግ ታላቅ የመብረቅ ጥፋት የደረሰው ግን በካሊፎርኒያ ነው። አፕሪል 7 ቀን 1926 በሳን ሉዊስ ኦቢስፖ አጠገብ የነበረ ሰፊ የዘይት ማከማቻ በመብረቅ ተመታ፤ በማግሥቱም በብሬያ የሚገኘው ሌላው ማከማቻ እንዲሁ ሆነ። የሳን ሉዊስ ኦቢስፖው እሳት አምስት ቀን ያህል ነድዶ 6 ሚሊዮን በርሜል የሚያህል ዘይት ጠፋ። ከሙቀቱ የተነሣ የተፈጠረው አውሎ ነፋስ አንድ ቤት አንሥቶ ስለ ጣለ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ይሁን እንጂ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከዚያ ዘይት ብዙው የተከማቸው የእንጨት ጣራ በለበሱ ሰፋፊ የመሬት ማጠራቀሚያዎች ውስጥ መሆኑ ነው። መብረቁ ከሰማይ ቢወርድም፣ በእንጨት ጣራ ሥር ተንና አየርን አደባልቆ ያስቀመጠለት ሰው ነበር።

የሚያሳዝነው መድኀኒቱ በዚያን ጊዜ ፈጽሞ ያልታወቀ አለመሆኑ ነው። የእሳት ነበልባል በጠባብ የሽቦ ወንፊት ውስጥ ሲያልፍ ቀዝቅዞ እንደሚጠፋ ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 ለማዕድን ቆፋሪዎች በሠራው ፋኖስ አስረድቶ ነበር፤ በጋኖች መተንፈሻ ላይ የሚገጠመው ነበልባል አጋጅ የተገኘው ከዚሁ ሐሳብ ነው። በሩሲያ ግዛት በነበረችው በባኩ ከተማ መምህር የነበረው አሌክሳንደር ሎራን ደግሞ፣ በአካባቢው የሚነሣውን የዘይት እሳት ተመልክቶ በ1902 ገደማ የእሳት ማጥፊያ አረፋን ፈለሰፈ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ አረፋ ግን በዘይቱ ላይ ተንሳፍፎ ተኑን ከአየር ይለያል።

ከአረፋው ይልቅ ለመከላከል የጠቀመው በ1923 በአሜሪካ የተሠራው ተንሳፋፊ ጣራ ነው። የዚህ ጣራ አሠራር ቀላል ነው። ጣራው በጋኑ ግድግዳ ላይ የታሰረ ሳይሆን በዘይቱ ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ ዘይቱ ሲጨምር ከፍ ይላል፣ ሲቀንስ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በጣራውና በዘይቱ መካከል ተን የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ አይኖርም። ተን ሊያመልጥ የሚችለው በጣራው ጠርዝና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ብቻ ሲሆን፣ እርስዋም በማሸጊያ ትዘጋለች። እንግዲህ መብረቁን መከልከል ባይቻልም፣ መብረቁ የሚለኩሰውን ማሳጣት ተቻለ።

ነገር ግን መሣሪያ በራሱ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ይፈልጋል። ኦገስት 30 ቀን 1983 በዌልስ በሚልፎርድ ሄቨን ወደብ የነበረ፣ ወርዱ 78 ሜትር የሆነ የድፍድፍ ዘይት ጋን ተቃጠለ። ጋኑ ተንሳፋፊ ጣራ ነበረው፤ ጣራው ግን ተሰነጣጥቆ ዘይት ወደ ላይ ይወጣ ነበር። እሳቱን እንደ ለኮሰ የታመነው በአቅራቢያው ከነበረው የጋዝ ማቃጠያ ማማ የበረረ የጋለ የካርቦን ፍንጣሪ ነው። ከሰዓታት በኋላም ጋኑ ገነፈለ።

ይህ ግንፈላ የድፍድፍ ዘይትን እሳት ከሌላው እሳት የሚለየው አስፈሪ ጠባይ ስለ ሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በጋኑ ግርጌ ብዙ ጊዜ ውሃ ይተኛል። ዘይቱ ከላይ ሲነድድ ቀላሎቹ ክፍሎች ተቃጥለው ያልቃሉ፤ ከባዶቹ ግን እጅግ ግለው ወደ ታች ይሰምጣሉ። የጋለው ንጣፍ ቀስ በቀስ ወርዶ ውሃውን ሲነካ፣ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም ከውሃው 1,700 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ የነደደውን ዘይት ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። በጋለ ዘይት ላይ ጠብታ ውሃ ያንጠባጠበ ሰው የነገሩን ትንሽ ምሳሌ ያውቃል። ዲሴምበር 19 ቀን 1982 በቬኔዝዌላ በታኮዋ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ የከባድ ነዳጅ ጋን በእሳት ተያይዞ ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ እንዲሁ ሲገነፍል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን፣ ጋዜጠኞችንና ቆመው የሚመለከቱ ሰዎችን ጨምሮ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። የነደደ ጋን ጸጥ ብሎ ሲታይ ሰው ወደ እርሱ ይጠጋል፤ አደጋው ግን ከታች እየመጣ ነው። ከዚህም የተነሣ ከጋኑ ግርጌ ውሃን በየጊዜው ማስወገድ፣ እሳትም ሲነሣ ሰውን በጊዜ ማራቅ ዋና ትእዛዝ ሆኗል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ሁለት የታይዋን ምሁራን በ2006 ባሳተሙት ጥናት በ40 ዓመት ውስጥ የደረሱትን 242 የማጠራቀሚያ ጋን አደጋዎች መርምረው፣ 80ዎቹ ከመብረቅ፣ 72ቱ ደግሞ ከሰው ስሕተት የመጡ መሆናቸውን አመልክተዋል። መብረቅን ብቻ ለሚከስሱ ሰዎች ይህ ቁጥር የሚደግፋቸው ይመስላል። ነገር ግን መብረቅ ከተባሉትም ውስጥ ስንቱ ካረጀ ማሸጊያ፣ ስንቱ ካልታሰረ ሽቦ እንደ ተነሣ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ድርሻ ነው። የአሜሪካ ነዳጅ ዘይት ተቋም በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ የመብረቁ ኀይል ከጣራው ወደ ግድግዳው ያለ ፍንጣሪ እንዲሻገር በብረት መሪ ሽቦ ማገናኘትን፣ ከዘይቱ በላይ ይደረጉ የነበሩትንም የብረት ቅጠሎች ከዘይቱ በታች ማድረግን መክሯል። እነዚያ ቅጠሎች ተን ባለበት ቦታ ራሳቸው ፍንጣሪ እንደሚያወጡ በምርመራ ተገኝቷልና።

ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ፣ ኦገስት 5 ቀን 2022 በኩባ በማታንሳስ ወደብ መብረቅ አንድ የድፍድፍ ዘይት ጋን መታ። እሳቱ ወደ ጎረቤት ጋኖች ተዛምቶ አራት ጋኖችን አጠፋ፤ ከ15 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ለብሔራዊ አገልግሎት ተመልምለው በእሳት ማጥፊያ ክፍል የተመደቡ ወጣቶች ነበሩበት። ዕድሜያቸው ከእኛ የማይበልጥ፣ እንዲያውም የሚያንስ ነበር። በመድፍ ጋን ይበሳ ከነበረበት ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ዋጋውን የከፈሉት ጋኑን ያልሠሩትና ያልመረመሩት ልጆች ሆኑ።

ነገሩ አገራችንን አይመለከትም የሚል ቢኖር፣ ከ1967 እስከ 1997 በሠራው የአሰብ ማጣሪያ ድፍድፍ ዘይት በቀይ ባሕር ዳር በጋን ይከማች እንደ ነበር፣ በጁን 2018ም በሶማሌ ክልል ድፍድፍ ዘይት ለሙከራ መውጣት መጀመሩን ማስታወስ ይበቃል። ቤንዚንና ናፍጣ የሚከማችባቸውም ጋኖች ለዚያው የተንና የአየር ሕግ የተገዙ ናቸው።

ስለዚህ ከታሪኩ የምንረዳው ይህ ነው። መብረቅ የእሳቱ ለኳሽ እንጂ የጥፋቱ ብቸኛ ምክንያት አይደለም። ተኑን የሚያጠራቅም ጣራ፣ የተሰነጠቀ ብረት፣ ያልወጣ ውሃ፣ እጅግ የተቀራረቡ ጋኖች፣ እነዚህ ሁሉ የሰው ሥራ ናቸው። ሰማይን ማዘዝ አልተሰጠንም፤ ማሸጊያን መመርመር፣ ሽቦን ማሰር፣ ውሃን ማስወገድ ግን በእጃችን ነው። ከመካከላችን ወደፊት መሐንዲስ፣ አስተዳዳሪ ወይም ሕግ አውጪ የሚሆን ሰው፣ «የመብረቅ አደጋ ነው» ተብሎ የተጻፈ ሪፖርት በእጁ በገባ ጊዜ መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት ጋኑ መቼና በማን እንደ ተመረመረ ይጠይቅ።