የሃይማኖት ነጻነት በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት

የሃይማኖት ነጻነት በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝና የመለወጥ፣ ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር የማምለክና የማስተማር መብቱ በአገሪቱ የበላይ ሕግ እንዴት እንደተጻፈ፣ በምን እንደሚገደብና ክርክር ሲነሣ ማን እንደሚወስን የሚመረምር የሕግ ጥናት ርዕስ ነው። ጥናቱ ሕገ መንግሥታዊ ሕግን፣ የሰብዓዊ መብት ሕግንና ታሪክን ያገናኛል።

ኢትዮጵያ እስካሁን አራት የተጻፉ ሕገ መንግሥታት ኖረዋታል፤ እነሱም የ1923፣ የ1948፣ የ1979 እና የ1987 ናቸው። ከመጀመሪያው በቀር ሦስቱም ስለ ሃይማኖት ነጻነት የሚናገር አንቀጽ አላቸው። የመብቱ መጻፍ ብቻውን ግን አማኞችን ከጉዳት አልጠበቀም። ስለዚህ ተመራማሪዎች አጥብቀው የሚጠይቁት ገደቡን ማን ያሰምራል፣ የአማኙስ ፈቃድ እስከ ምን ድረስ ይከበራል የሚለውን ነው። (በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተጻፈ ሕገ መንግሥት በፊት

ነገሥታቱ ይመሩበት ከነበሩት የሕግ መጻሕፍት ዋናው ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዓረብኛ ከተሰናዳ ሥራ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ሲሆን፣ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል የቤተ ክርስቲያንን፣ ሌላው የዓለማዊውን አስተዳደር ጉዳይ ይይዛል። በዚህ ሥርዓት ንጉሡ በቅብዓት የነገሠ የሃይማኖት ጠባቂ ስለሆነ፣ የመንግሥት ሕግና የቤተ ክርስቲያን ሕግ አብረው የሚሄዱ ነበሩ።

የዚህን ሥርዓት ፈተና ለማየት በምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የሚገኘው መርጡለ ማርያም ጥሩ ምሳሌ ነው። ገዳሙ በትውፊት ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን ጀምሮ የነበረ ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት። እሌኒ ከሐድያ ሙስሊም ገዥ ቤተሰብ ተወልደው በክርስትና የኖሩና በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ሥልጣን የነበራቸው ንግሥት ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዓፄ ሱስንዮስ ጊዜ ደግሞ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በዚሁ ቦታ የሕንፃ ሥራ አካሂደዋል። ፍርስራሹ ዛሬም በግቢው ይታያል።

ዓፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ኋላም መላው ሕዝብ እንዲከተላቸው አዘዙ። ትእዛዙ በብዙ አውራጃዎች አመፅ አስነሣ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ አወጁና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። አዋጁ ዛሬ በምንረዳው መልኩ የሃይማኖት ነጻነት አዋጅ አልነበረም፤ ተከታዩ ንጉሥ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጥተዋል። ያም ሆኖ እምነት በትእዛዝ እንደማይተከል ያሳየ ክስተት ስለሆነ በጥናቱ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

በ1870 ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ የጠሩት ጉባኤ ሌላው ምሳሌ ነው። ጉባኤው የተዋሕዶን ትምህርት ብቻ አጽድቆ፣ በጎጃም ሰፊ ደጋፊ የነበረውን የቅባትን ትምህርትና የጸጋን ትምህርት አገደ። የወሎ ሙስሊም መሳፍንትም እንዲጠመቁ ተገደዱ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የተባሉት በዚህ ጊዜ ነው።

የ1923 እና የ1948 ሕገ መንግሥታት

ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ከዘር ሐረጋቸውና ከቅብዓታቸው ጋር ሲያያይዝ፣ የተገዢውን የሃይማኖት ነጻነት በስም አላነሣም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሁለት ሕጎች ተከተሉ። በ1936 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ለሚሲዮን ክፍት የሆነ ክልል ብሎ ከፈለ። በቤተ ክርስቲያኑ ክልል ሚሲዮኖች ማስተማርና ማከም እንጂ የራሳቸውን እምነት መስበክ አይችሉም ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 ደግሞ ለሙስሊሞች የጋብቻ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳዮች የቃዲ ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቀደሙት ጽሑፋዊና ልማዳዊ ደንቦች ቦታ ሲተካም እነዚህ ፍርድ ቤቶች ሥራቸውን አላቋረጡም። በየትኛው ሕግ ተደግፈው ቀጠሉ የሚለው ለሕግ ምሁራን ረጅም ክርክር ሆኗል።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 በግዛቱ የሚኖሩ ሰዎች ሃይማኖታዊ ሥርዓታቸውን በሕግ መሠረት ሲፈጽሙ እንዳይከለከሉ ደነገገ፤ ለፖለቲካ መሣሪያ እስካልሆነና የሕዝብን ጸጥታና ሥነ ምግባር እስካልነካ ድረስ። በአንቀጽ 126 ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን፣ በመንግሥት እንደምትደገፍና ንጉሠ ነገሥቱ ዘወትር የዚህ እምነት ተከታይ እንደሚሆን አጸና። ሊቀ ጳጳሱ የዘውድ ምክር ቤት አባል ነበሩ። አንድ ሰነድ ለሁሉም ነጻነት፣ ለአንዱ ደግሞ መንግሥታዊ ማዕረግ ሰጠ ማለት ነው።

ይህን የሚቃወመው ድምፅ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ ተሰማ። በዚያ ዕለት ሙስሊሞችና አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያኖች ባደረጉት ታላቅ ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል የሃይማኖት እኩልነት፣ የሙስሊም በዓላት መከበርና የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት ይገኙበታል።

የደርግ ዘመን

ደርግ የቤተ ክርስቲያኗን መንግሥታዊ ማዕረግ አስቀረ፤ የእስልምና በዓላትም ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። መለያየቱ ግን ከመንግሥት ቁጥጥር ነጻ መሆንን አላስገኘም። በደብረ ኤልያስ፣ ጎጃም፣ የተወለዱት ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በ1968 ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የወጣው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው።

በ1979 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 የሕሊናና የሃይማኖት ነጻነትን አረጋገጠ፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውንም ገለጸ። ነገር ግን ሃይማኖት የመንግሥትንና የአብዮቱን ጥቅም በሚጻረር መንገድ ሊሠራበት አይችልም የሚል ገደብ አኖረ። ምን «የአብዮቱን ጥቅም» እንደሚጻረር የሚወስነው ያው መንግሥት ነበር።

የ1987 ሕገ መንግሥት

ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 በሥራ ላይ የዋለው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ለጉዳዩ ከቀደሙት ሁሉ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ዋና ዋናዎቹ ድንጋጌዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• አንቀጽ 11፦ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፤ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም።
• አንቀጽ 27፦ የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነጻነት፣ በማንም አለመገደድ፣ የወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት። እምነትን መግለጽ ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ ሲሆን፣ ምክንያቶቹም የሕዝብ ደህንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብ ሞራል፣ የሌሎች መብትና የመንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆን ናቸው።
• አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፦ የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል።
• አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2፦ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሆናል።

ማን ይተረጉመዋል?

እንደ አሜሪካና ጀርመን ባሉ አገሮች የሕገ መንግሥት ክርክር የመጨረሻ ፍርድ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥልጣን የተሰጠው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ለሚቀመጡበት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብለታል። ፖለቲካዊ ምክር ቤት የጥቂቶችን መብት ከብዙኃኑ ፍላጎት ሊጠብቅ ይችላል ወይ የሚለው የጥናቱ አንድ ዐቢይ ጥያቄ ነው።

ከምክር ቤቱ ውሳኔዎች ብዙ የተጻፈበት በ1996 የተሰጠው ነው። አንዲት ሴት በውርስ ክርክር ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከሰው፣ በዚያ ለመዳኘት እንዳልፈቀዱ ቢያስታውቁም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አይቶ ወሰነባቸው። ይግባኛቸው በየደረጃው ውድቅ ከሆነ በኋላ ወደ አጣሪ ጉባኤው ሄዱ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ተከራካሪዋ ፈቃድ የተሰጠው ፍርድ አንቀጽ 34ን ይጥሳል በማለት ውሳኔውን ሻረ። በዚህ ውሳኔ መሠረት የአንድ እምነት ተከታይ መሆን ብቻውን በዚያ እምነት ሕግ ለመዳኘት እንደ መፍቀድ አይቆጠርም።

ጥያቄው ግን በዚህ አላበቃም። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከራካሪ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል ይላል። ዝምታ ፈቃድ ሊሆን ይችላል ወይ? በተለይ የመብታቸው ወሰን ላልተነገራቸው ሴቶች ይህ አነጋጋሪ ነው።

አከራካሪ ነጥቦች

ጣልቃ ገብነት። በ2004 በአዲስ አበባ ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው የሙስሊሞች ተቃውሞ መንግሥት በእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አመራርና በእምነቱ ትምህርት ጣልቃ ገብቷል የሚል ነበር፤ መንግሥት በበኩሉ አክራሪነትን እየተከላከልኩ ነው አለ። በጥር 2015 ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾሙ፣ ሲኖዶሱ መንግሥት አንቀጽ 11ን ጥሷል ሲል ወቀሰ፤ በየካቲት ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሁለት የተለያዩ የእምነት ተቋማት አንዱን አንቀጽ መከታ ማድረጋቸው ድንጋጌው ለማንም ወገን ብቻ እንዳልተጻፈ ያሳያል።

ሕጋዊ ሰውነት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 398 ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷል። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኙት በ2012 ነው (አዋጅ ቁጥር 1207 እና 1208)።

አለባበስና አምልኮ በትምህርት ቤት። አንቀጽ 90 የሚጠብቀው የትምህርቱን ይዘት ነው ወይስ የተማሪውንም አለባበስ ይጨምራል? በ2017 በአክሱም ሒጃብ ለባሽ ተማሪዎችን በሚመለከት የተነሣው ውዝግብ ጥያቄውን እንደገና አደባባይ አውጥቶታል።

የአስቸኳይ ጊዜ። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ሊነኩ የማይችሉ ድንጋጌዎችን ሲዘረዝር አንቀጽ 27 በዝርዝሩ የለም። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ግን የሃይማኖት ነጻነት በአስቸኳይ ጊዜም እንዳይታገድ ያዛል። ሕገ መንግሥቱ ራሱ የመብት ድንጋጌዎቹ ከእነዚህ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ስለሚል (አንቀጽ 13)፣ ሁለቱን ማስታረቅ ለምሁራን የተተወ ሥራ ሆኗል።

ትምህርቱና የምርምር ሥራው

ዘመናዊ የሕግ ትምህርት የተደራጀው እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ነው። የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል ከክሪስቶፈር ክላፋም ጋር የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥታዊ ዕድገት የሚመለከቱ ሰነዶችን በሁለት ቅጽ አሰባስበዋል። በኋላ ካርዲናል የሆኑት አባ ጳውሎስ ፃድዋ ደግሞ ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሞታል። በዚህም ግዕዝ የማያውቅ የሕግ ተማሪ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ሕግ እንዴት እንደተሳሰሩ ለማንበብ በቃ። በፌዴሬሽን ምክር ቤት የትርጉም ሥልጣን ላይ ከጻፉት የኋላ ዘመን ምሁራን አሰፋ ፍስሐ ይገኙበታል።

በዘርፉ መሰማራት የሚፈልግ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩታል። ከዚያ በሕገ መንግሥት ወይም በሰብዓዊ መብት ሕግ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ይከተላል። የምርምሩ ጥሬ ዕቃ ነጋሪት ጋዜጣ፣ የሕገ መንግሥት ጉባኤው ቃለ ጉባኤና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔዎች ናቸው።

ለጥንቱ ዘመን ደግሞ ግዕዝ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ጎጃም የራሱ ሀብት አለው፤ የፍትሐ ነገሥት ትርጓሜ ከመጻሕፍተ ሊቃውንት ትምህርት ጋር በቃል ሲወርድ የኖረው በጉባኤ ቤቶች ነው። የጉባኤ ቤቱን ትርጓሜና የዩኒቨርሲቲውን ሕገ መንግሥታዊ ሕግ አጣምሮ የያዘ ተመራማሪ፣ አንድ ሕግ እምነትን ሲያዝዝና ሲጠብቅ ያለውን ልዩነት ከሁለቱም ወገን ማንበብ ይችላል።