ጉሬዛና ስም የለሿ ወፍ

ሳይንስ ከአገራችን ከወሰዳቸው ስሞች አንዱ «ጉሬዛ» ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ባለ ነጭ ካባውን ጦጣ ለዓለም ሲያስተዋውቅ ስሙን እንዳለ ወሰደው፤ ከመኖሪያዎቹም ጎጃምንና ዳሞትን መዘገበ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ደረቷ ብርቱካናማ፣ ቅንድቧ ነጭ የሆነች ትንሽ የደጋ ዘማሪ ወፍ ሰየመ። እኔ የአማርኛ ስሟን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ግን «ወፍ ናታ!» ነው።

ዝናው ለጉሬዛ አልበጀውም። ቆዳው የጦረኛ ጋሻ ማስጌጫ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእሱና የአፍሪካ ዘመዶቹ ቆዳ በብዛት ለአውሮፓ ፋሽን ተጋዘ። ወፏን ለጌጥ የፈለጋት የለም።

ደግሞስ ጉሬዛ ቅጠል በል የዛፍ ኗሪ ነው፤ ደን ሲመነጠር የት ይሂድ? ለወፏ የጓሮ ቁጥቋጦ ይበቃታል፤ ማለዳና ማታ እዚያው ትዘምራለች።

እርግጥ ጉሬዛ ከኢትዮጵያ እስከ ናይጄሪያ ስላለ ከምድር ሊጠፋ ነው አይባልም። የጎጃም ደጋ ግን አብዛኛው ታርሷል፤ የአገር በቀል ዛፍ የተረፈው በተለይ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። እኔ እንደሚገባኝ፣ ሩፔል ስሙን መዝገብ ላይ አኖረለት፤ መጠለያውን ያቆዩለት ግን «የታቦቱን ዛፍ አትንኩ» ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው። አሁን ተራው የእኛ ነው።