ሩቤልን ማን አገኘው?

በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ አያቴ አገር እሄድ ነበር። እዚያ ከብት የሚጠብቅ የአክስቴ ልጅ አጋም ሊያበላኝ ይወስደኛል። መንገድ ዳር ፍሬው የተንዠረገገ ቁጥቋጦ አይቼ እጄን ስዘረጋ «ተው፣ እሱ አይጣፍጥም» ይለኛል። ከዚያ ገደሉን አቋርጠን፣ ከእሾሁ ጋር ታግለን፣ ለእኔ ዓይን ከሌላው የማይለይ ቁጥቋጦ ሥር ያቆመኛል። ማር ነበር! ከተማ ስመለስ ግን ለጓደኞቼ የማወራው ስለ አጋሙ እንጂ ስለ ልጁ አልነበረም። እሱ ለእኛ ያው «ባላገር» ነው።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ ብሉቤሪ የተባለው የባሕር ማዶ ፍሬ ታሪክ ነው። ብሉቤሪና አጋም በዘር አይገናኙም፤ ነገር ግን እሱም በቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራ፣ አፍና ጣት የሚያቀልም የዱር ፍሬ ነው። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ይለቅሙት፣ አድርቀውም ለብርዱ ወራት ያኖሩት ነበር። አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣም ሜዳውን በእሳት ይለበልቡታል። በሜይን ስቴት ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ አልቀረም።

ከዱር ነቅለው ጓሯቸው የተከሉት ሰዎች ግን አልቀናቸውም። ለምን? መልሱን ያገኘው የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ኮቪል ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው ጥናት፣ ብሉቤሪ የሚወደው ሌላው ሰብል የሚሸሸውን ኮምጣጣ አፈር መሆኑን አሳየ። ኖራና ብዙ ፍግ የሚጨምርለት ሰው ያለማው እየመሰለው ይገድለዋል ማለት ነው። ዛሬም በቤቱ ብሉቤሪ ሊተክል ለሚያስብ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው።

ኮቪል ሳይንሱ ነበረው፤ የቸገረው ምርጥ ዘር ነበር። በ1911 ኤልሳቤጥ ዋይት የተባለች ሴት ጥናቱን አንብባ ጻፈችለት። ቤተሰቧ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ፓይን ባረንስ በሚባለው አሸዋማ የጥድ ጫካ፣ ክራንቤሪ የተባለ ሌላ ፍሬ ያለማ ነበር። ኤልሳቤጥ ለጫካው ነዋሪዎች 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ያለው መለኪያ አደለቻቸው። ፍሬው በቀዳዳው የማያልፍ ቁጥቋጦ ላሳያት ሰው ገንዘብ ትከፍላለች፤ ቁጥቋጦውንም በሰውየው ስም ትሰይመዋለች።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ሩብ ሊክ ነበር። በእንግሊዝኛ «ሩብ» ማለት «ገጠሬ» ብሎ እንደ መሳደብ ነው፤ «ሊክ» ደግሞ የሽንኩርት ዘመድ ነው። ስለዚህ የሊክን የመጀመሪያ ፊደል ከሩብ ጋር አጋጥማ «ሩቤል» አለችው። ሩቤል ለብዙ የእርሻ ብሉቤሪ ዝርያዎች ወላጅ ሆነ። በ1916 ከእርሻ የተለቀመው ፍሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ወጣ።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1913፣ ፍለጋው በተጧጧፈበት ዘመን፣ የዚያ ጫካ ነዋሪዎች የአእምሮ ድኩማን ናቸው የሚል ጽሑፍ ታትሞ ነበር። የስቴቱ አገረ ገዥም ከሌላው ሕዝብ ይለዩ እስከ ማለት ደረሰ። «ድኩማን» የተባሉት ሰዎች ናቸው እንግዲህ ሊቁ በቤተ ሙከራው ያላገኘውን ዘር ከየረግረጉ እየመሩ ያሳዩት! ኮቪል አፈሩን አወቀ፤ ኤልሳቤጥ ደግሞ ማንን መጠየቅ እንዳለባት አወቀች።

አጋምና ኮሽም ዛሬም በየአጥሩና በየገደሉ አሉን። የትኛው ቁጥቋጦ እንደሚጣፍጥ የሚያውቁ እረኞችም አሉን። መለኪያ ይዞ የሚጠይቃቸው ማን ነው? እኔማ ያንን ቁጥቋጦ ዛሬ ባገኘው በአክስቴ ልጅ ስም እጠራው ነበር። ግን የት እንደሆነ አላውቅም። ያን ጊዜ በላሁ እንጂ አልጠየቅሁም።